ሁለተኛው በርሜል

ዶክተሩ ዶክተር አይደለም፤ የእሽቅድድም መኪና ሞተር አስተካካይ ነው። ስሙ የወጣለት ከአሠራሩ ነው። ትንሽ ማይክሮፎን ሞተሩ ጎን ላይ ያስርና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሞተር ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ያንኳኳል። መጀመሪያ የምትሰማው ሳንቲም ብርጭቆ ሲነካ እንደምትወጣው ያለች ቀጭን ድምፅ ናት። እሷን በጊዜ ያልሰማ አስተካካይ ሞተር ይገድላል፣ አንዳንዴም ነጂ። ዶክተሩ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም አልገደለም፤ ይህንንም ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል።

በዚያ ሰሞን የያዘው የታናሽ ወንድሙን መኪና ነበር። ወንድምየው ነጂ ነው፤ የሦስት ወር ሕፃን አባትም ነው። መኪናው ቤንዚንም ኤታኖልም፣ ወይም ሁለቱን በማንኛውም መጠን ቀላቅሎ እንዲሠራ ተፈለገ። ዶክተሩ ነዳጅ መርጫዎቹን በትልልቅ ለወጠ፣ ፓምፑን ቀየረ፣ የኤታኖሉን መጠን እየለካ ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚነግር ሴንሰር ገጠመ። የቀረው ማስተካከሉ ነበር፤ ያ ደግሞ የእሱ ሙያ ነው።

ኤታኖል የሚወደደው መንኳኳትን ስለሚያርቅ ነው። በቤንዚን የማይደፈር ኃይል በእሱ ይደፈራል። ዶክተሩ ነዳጁን የሚለኩሰውን የካንዴላ ብልጭታ ጊዜ ጥቂት በጥቂት እያስቀደመ አዳመጠ። ምንም የለም። ጨመረ። አሁንም ምንም የለም። ኮምፒውተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀይ መብራት አበራ፤ ዶክተሩ ግን የትልልቆቹን መርጫዎች ድምፅ ከመንኳኳት ጋር እያምታታ ነው ብሎ ማስጠንቀቂያውን ዘጋው። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ብዙዎች እንዲሁ ያደርጋሉ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነዳጅ አላየሁም ብሎ ለወንድሙ ነገረው።

ቅር ያሰኘው ነዳጁ የመጣበት ሰው ብቻ ነበር። ኤታኖሉን የሚሸጠው የቀድሞ የጋራዥ ሸሪኩ ነው። ሆድና ጀርባ ከሆኑ አራት ዓመት አልፏቸዋል። ሻጩ በርሜሉን በር ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ዶክተሩ መሄዱን ካረጋገጠ በኋላ ወጥቶ ያስገባል።

ቤትም ሰላም አልነበረም። ሚስቱ ወንድምህን በዚህ መኪና አትስደደው ብላው እምቢ ካለ ወዲህ ፊት ነስታዋለች። ምሳ ሲደርስ እንኳ አትጠራውም፤ መጥታ ትከሻውን ትነካውና ትመለሳለች። አንድ ቀን ግን ፊት ለፊቱ ቆማ፣ «ሰው እየጠራህ ጆሮ ዳባ ልበስ የምትለው፣ እኔ ምንህ ሆኜ ነው?» አለችው። ነገር ፈልጋ ነው ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

ረቡዕ ወንድምየው መኪናውን ነድቶ ተመለሰ። ከመኪናው ወርዶ፣ «ጋሼ፣ ሲሞቅ እግሬ ሥር እንደ ጠጠር የሚንጫጫ ነገር አለ» አለው።

ዶክተሩ ማዳመጫውን ደፍቶ ደግሞ አዳመጠ። ሞተሩ ንጹሕ ነበር። ልጅ ከወለድክ ወዲህ ፈሪ ሆነሃል ብሎ ቀለደበት። ወንድምየው አልሳቀም።

«አንተ ሰምተህ ደህና ነው ካልክ ደህና ነው» አለና ሄልሜቱን አንሥቶ ሄደ።

ቅዳሜ ማለዳ ሁለተኛው በርሜል መጣ። እሑድ ጠዋት ከእሱ ቀድተው ወደ ውድድሩ ገቡ።

በሰባተኛው ዙር ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ ቢዬላው፣ ተሰብሮ የሞተሩን ጎን በስቶ ወጣ። ዘይቱ የኋላ ጎማው ሥር ፈሰሰ፤ መኪናው ከግንቡ ተላተመ። ወንድምየው ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞተ።

ዶክተሩ ያሳደገው ልጅ ነበር፤ እንደ ወንድም ሳይሆን እንደ አባት አለቀሰ። እንባው ሲደርቅ የቀረው ቂም ነው። በርሜሉን አሽጎ፣ ማንም እንዳይነካው ብሎ፣ ለውድድሩ መርማሪዎች አስረከበ።

በሦስተኛው ሳምንት መርማሪዎቹ ዶክተሩንና ሻጩን ጠሩ። ጠባብ ክፍል ነው፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጥቂት ወንበር፣ በደንብ የማይዘጋ መስኮት። የሟቹ ሚስት ሕፃኑን ታቅፋ ከኋላ ተቀመጠች። ሁለተኛው በርሜል ውስጥ ያለው የኤታኖል ድርሻ ከመጀመሪያው ያነሰ መሆኑ በምርመራ ተረጋግጧል። ሻጩም አልካደም።

«ማነሱን እንዳወቅኩ ልነግረው ቅዳሜ ጠዋት ሙሉ የጋራዡን መደበኛ ስልክ ደወልኩ» አለ። «የሚያነሣ ጠፋ።»

ዶክተሩ ከወንበሩ ተነሣ።

«ጠዋቱን ሙሉ ከስልኩ አጠገብ ነው የተቀመጥኩት። አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸም። ሰው ገድለህ ዓይንህን በጨው ታጥበህ መጣህ?»

መርማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የሟቹ ሚስት ከሻጩ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ወንድሙ ስለ ጠጠሩ ያለውን ዶክተሩ አላነሣም፤ ሙቱን ፈሪ ማሰኘት መሰለው።

የመርማሪዎቹ ሰብሳቢ ሁለተኛው በርሜል ከመምጣቱ በፊት ሞተሩ ጤነኛ እንደነበር በምን እናውቃለን ሲል ጠየቀ። ዶክተሩ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ነው የሰነበተው። በመጀመሪያው በርሜል ሲያስተካክል የሞተሩን ድምፅ በዚያው በማይክሮፎኑ ቀድቶት ነበር። ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠ። ጸሐፊዋ ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝታ ከፈተችው።

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሻጩ አንገቱን ደፋ። የሟቹ ሚስት የሕፃኑን ጆሮ በመዳፏ ሸፈነች፤ ባሏን የቀማትን መኪና ድምፅ መስማት ይከብዳታል ብሎ ዶክተሩ አዘነላት። ጣቱን ወደ ድምፅ ማጉያው ቀሰረ።

«አዳምጡት» አለ። «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ኮሽታ የለበትም።»

ከድምፅ ማጉያው የሚወጣው መንኳኳት ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ክፍሉን ሞልቶት ነበር።