ክር የሌለው ስፌት

ልብስ ሰፊዋ መጋረጃውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ስትዘረጋው ብርሃኑ በስንትና ስንት ቀዳዳ ገባ። ጨርቁ ከዳር እስከ ዳር፣ ረድፍ በረድፍ በመርፌ ተወግቷል። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ክር ግን የለበትም። አንዲት እንኳ!

«ጉድ! ይሄን የሰፋኸው አንተ ነህ?»

ታናሽ ወንድሟ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። መኪናው ሲቆም ሰምቶ የሚያውቅ ስለሌለ ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን ራሱን «ሞተር» ነው የሚለው።

ቁርጡን ነግራው ነበር፤ አንድ ቀን ጠጥቶ ሥራ ካበላሸ የሱቁን ቁልፍ አስረክቦ ይሄዳል። የመጋረጃው ባለቤት ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ትመጣለች። እጇን ዘረጋችለት። ሞተርም ቃል ሳይተነፍስ ቁልፉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ነገሩ ከነከናት። ሞተር ሲጠጣ ይከራከራል፣ ይምላል፣ ይገዘታል እንጂ ዝም አይልም።

«እስቲ ተንፍስ» አለችው ጎንበስ ብላ። የመኪና ዘይት እንጂ ሌላ ነገር አልሸተታትም።

«አልጠጣህም!»

«ከሰኞ ወዲህ አልቀመስኩም።»

«ታዲያ በጤናህ ነው ያለ ክር የምትሰፋው?»

«እኔም እሱን ነው የማላውቀው፣ እታለም።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ሥራው አለቀ። መኪናው ሲቆም ጸጥ ይላል። ጸጥ ሲል ደግሞ ይመጣል።»

«ምኑ?»

«ስሙን ባውቀው በተገላገልኩ። ልቤ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ አሁን መሞቴ ነው እላለሁ። ስሰፋ ቀለል ይለኛል፤ ክር እንዳላባክን ባዶ መርፌ ነው የማስኬደው። ቁራጭ ጨርቅ ያነሳሁ መስሎኝ ነው፤ የሰው መጋረጃ መሆኑን ልብ አላልኩም።»

ልብስ ሰፊዋ በርጩማውን ስባ ተቀመጠች። «ይሄ የመጠጡ ጣጣ ነው።»

«ከመጠጡ በፊትም ነበር። የሬዲዮኑን ነገር ረሳሽው?»

መች ትረሳዋለች! ልጅ ሆኖ ሬዲዮ ካልተከፈተለት አይተኛም ነበር። እንቅልፍ ወሰደው ብላ ስታጠፋው ብድግ ይላል። ቤተሰቡ «ይሄ ልጅ ዘፋኝ ሊሆን ነው» እያለ ይስቅበት ነበር። እሷም ስቃለች።

«እና መጠጡ?»

«መጀመሪያ የጠጣሁ ቀን ዝም አለልኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ! ጠዋት ግን እጥፍ ሆኖ መጣ። እሱን ላስታግስ ደግሞ ጠጣሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አንዱ ሌላውን ይጠራዋል።»

«መጠጡን ለሚያስተውህ ሐኪም ነግረኸዋል?»

«ስለ መጠጥ ጠየቀኝ፤ ስለ መጠጥ መለስኩ።»

«አይ አንተ!» አለችና ልትቆጣው አፏን ስትከፍት መብራት ጠፋ። መኪናው ቀጥ አለ። ሱቁ ጭጭ አለ።

ሞተር ወደ በሩ አየ። ከመንገዱ ማዶ መጠጥ ቤት እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ። ፊቱ በላብ ተጠመቀ።

ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ አላገደችውም። ጥጉ ጋ በእግር የምትሠራ አሮጌ የስፌት መኪና አለች፤ ሽፋኗን ገፈፈችና ክሩን ከመርፌው መዘዘች። የተበላሸውን መጋረጃ አስገብታ ፔዳሉን ትረግጠው ጀመር። አሮጊቷ መኪና እየተንቋቋች ተነሳች።

«ና፣ አጠገቤ ቁጭ በል። መብራት ከመጣ መጣ፣ ካልመጣም በእግሬ አስኬዳታለሁ።»

«ባለ መጋረጃዋ ስትመጣስ?»

«ሌላ ጨርቅ እገዛላታለሁ። ከዚያ ሐኪሙ ጋ አብረን እንሄዳለን። አሁን ለእኔ ንገረኝ፤ ሲመጣ ከየት ነው የሚጀምርህ? ከደረትህ ነው?»

ሞተር አሰበ። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«ከጣቶቼ» አለና፣ የሚንቀጠቀጡ ጣቶቹን እንድታያቸው ዘረጋላት።