የእማማ ድልነሽ ቃል

የቆዳ ፋብሪካው ባለቤት የበከለውን ወንዝ በራሱ ወጪ እንዲያጸዳ ታዘዘ። ወዲያው መጋዘኑን አስገልብጦ አባቱ ከሠላሳ ዓመት በፊት የገቡትን የኢንሹራንስ ውል አገኘ። ውሉ ፋብሪካው በዚያን ጊዜ በሌሎች ላይ ላደረሰው ጉዳት ዋስትና ይሰጣል።

የኢንሹራንሱ ኃላፊ ግን፣ "ጉዳቱ ያኔ ለመድረሱ የዓይን ምስክር ያምጡ" አለው።

ሰውየው በወጣትነቱ ከአባቱ ጋር መሥራት ከጀመረ አንሥቶ ዕድሜውን ሙሉ "ከፋብሪካችን አንዲት ጠብታ አልወጣችም" እያለ ሲምል የኖረ ነው። አሁን ግን አዲስ ጋቢ ገዝቶ ወንዙ ዳር ወደሚኖሩት እማማ ድልነሽ ቤት ገሰገሰ።

"እማማ፣ ያኔ ከብቶችዎ በእኛ መርዝ አላለቁም?"

"አልቀዋል እንጂ! ስድስቱም።"

"ውሃውስ አልጠቆረም?"

"እንደ ከሰል!"

ሰውየው በደስታ ጉልበታቸውን ሊስም ምንም አልቀረው። ጋቢውን አልብሶ፣ መኪናው ውስጥ ከፊት አስቀምጦ ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ ወሰዳቸው።

ኃላፊው "እማማ፣ ወንዙ ያኔ እንዴት ነበር?" ሲላቸው፣ ከመቀነታቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ፈትተው ሰጡት። ኃላፊው ጮክ ብሎ አነበበው።

"ወንዙ ንጹሕ ነው። ከብቶቼ የሞቱት በራሳቸው በሽታ ነው። የጣት አሻራ፦ ድልነሽ።"

ሰውየው ከወንበሩ ብድግ አለ። "እማማ! ምን ነካዎት?"

"ምን ላድርግ ልጄ? ከብቶቼ ባለቁ ሰሞን ጣቴን ይዘህ ያስፈረምከኝ አንተ፤ 'ከዚህ ሌላ ብትተነፍሺ እስር ቤት ትገቢያለሽ' ያልከኝም አንተ። በዚህ ዕድሜዬ እስር አልችልም።"