ነጭናጫ ሪከርድስ

ለልደቷ ጫማ ስትጠብቅ ወንድሟ ያፌት እጇ ላይ ያስቀመጠላት አንድ ፍላሽ ነበር።

«የትም የማይገኝ ፖስት ፓንክና ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው። ማንም ከማያውቃቸው ትንንሽ አሳታሚዎች አንድ በአንድ የለቀምኩልሽ!»

«ጆሮዬ ምን በደለህ?» ብላ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው።

ያንን ጉድ እንደሆነ በግድግዳው በኩል በየቀኑ ትሰማዋለች። ከትምህርት ቤት ገብታ ጋደም ከማለቷ፣ ያፌት በወዲያኛው ክፍል የተበላሸ ወፍጮ የሚመስል ነገር ይከፍታል። እሷ ግድግዳውን በቡጢ ትደበድባለች። «አንተ፣ ዝጋው!» እሱ ይባስ ብሎ ድምፁን ይጨምርባታል። «አንቺ ነጭናጫ!»

ያፌትን መኪና ገጭቶ ከገደለው ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም። አርባው ሳይወጣ ዘፈን ነውር ነው። እሷ ግን ለቅሶ ደራሹ ሳሎኑን ሞልቶት ሳለ ክፍሏ ገባች። ጥቁሩን ሻሽ ከጆሮ ማዳመጫው በላይ ሸብ አድርጋ ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ሰካች።

ዘፈኖቹ አሁንም ወፍጮ ናቸው። እያለቀሰች ሁሉንም ሰማቻቸው። የመጨረሻው ላይ የአሳታሚው ስም «ነጭናጫ ሪከርድስ» ይላል። ከበሮው ድው፣ ድው፣ ድው እያለ ይጀምራል። ከዚያ አንዲት ልጅ ከሩቅ ትጮሃለች።

«አንተ፣ ዝጋው!»

ድው፣ ድው፣ ድው።

«ዝጋው! ዝጋው!»

ማዳመጫውን አወለቀችና ግድግዳውን በቡጢ መታችው። ድው፣ ድው፣ ድው።

ከወዲያኛው ክፍል ማንም ድምፅ አልጨመረባትም።