ታርጋ የሌላት አበባ

በለንደን ዳርቻ፣ በረዶው ቀልጦ ሳያልቅ፣ የስኖውድሮፕ፣ የትንሿ ነጭ አበባ፣ ወዳጆች አንድ አትክልተኛ ያዳቀላትን አዲስ ዝርያ ሊያዩ ጓሮው መጡ። ሁሉንም ይንቃቸዋል። የሚወዱት ስም እንጂ አበባ አይደለም፤ በዚያ ላይ ብርቅ ነገር ካዩ ነቅለው ኪሳቸው የሚከቱ ሌቦች ናቸው። ስለዚህ ጠዋት፣ ሳይመጡ፣ የአዲሷ ስም የተጻፈበትን ታርጋ ነቅሎ፣ ጎኗ ካለችው ተራ ስኖውድሮፕ ሥር ተክሎታል። ልዩነታቸው ውስጣቸው ያለችው ነጥብ ብቻ ናት፦ የተራዋ አረንጓዴ፣ የአዲሷ ቢጫ።

የአበባ ወዳጆቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ጋሽ ተካልኝ ታርጋውን እንዳነበቡ ተንበረከኩ። አንገቷን የደፋችውን አበባ አገጯን በጣታቸው ቀና አድርገው፣ "አበባ ማለት እንዲህ ነው እንጂ" አሉ። ሌሎቹም ጭቃው ላይ ተደፉ። አንዷ እንባዋን ጠረገች።

"መሃይም ሁላ" አለ በሆዱ። እንዳይጠረጥሩት ግን እሱም ከጎናቸው ተንበርክኮ፣ "ከሷ በላይ የለም" እያለ ራሱን ነቀነቀ።

ሸኝቷቸው ሲመለስ፣ ሱሪውን ሊያራግፍ በሩ ላይ ጎንበስ አለ። ጉልበቱ ላይ አንዲት ነጭ አበባ ከጭቃው ጋር ተለጥፋለች። አገጯን በጣቱ ቀና አደረጋት። ነጥቧ ቢጫ ነው።