የሐሙስ ስህተቶች

የፕሮግራሚንግ መምህሩ ሐሙስ ሐሙስ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ቢሮውን ከፍቶ ይቀመጣል። «የተማሪዎች ምክር ሰዓት» የሚለው ወረቀት በሩ ላይ ከተለጠፈ ስምንት ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዓመት በዚያ ሰዓት ብቅ ያለው ተማሪ በጣት ይቆጠራል። በምሳ ሰዓት ማን ስለ ኮድ ሊጠይቅ ይመጣል?

በፊት ግድ አልነበረውም። ሚስቱ ታች ላቦራቶሪ የእሱኑ ተማሪዎች የተግባር ክፍል ታስተምር ስለነበር ምሳቸውን ይዛ ትወጣለች፤ አብረው ይበላሉ። ከአምስት ወር በፊት ሞተች። ልጅ አልወለዱም። አሁን ቤት ሲገባ የሚያናግረው ሰው ስለሌለ ሬዲዮኑን ይከፍታል፤ ምን እንደሚያወራ ግን አይሰማውም። የቀረው ሥራው ብቻ ነው፤ እሱን ሙጭጭ ብሎ ያዘ።

ተማሪዎቹ ከጀርባው «ሴሚኮለን» ይሉታል። ከሁለት መቶ መስመር ኮድ ውስጥ የጎደለችውን አንዲት የመስመር መዝጊያ ምልክት፣ ሴሚኮለንን፣ ቆሞ እያለ ስለሚያያት ነው። ቅጽል ስሙን ያውቃል፤ አይጠላውም።

በዚህ ሴሚስተር ግን ሐሙስ በመጣ ቁጥር አንድ ተማሪ ላፕቶፑን ታቅፎ በሩን ማንኳኳት ጀመረ። ሁለት ሆነው መጥተው አያውቁም። አንዴ የመጣም ተመልሶ አልመጣም።

የመጀመሪያው ረጅሙ ነበር፤ ሁሌ ከኋላ የሚቀመጠው።

«መምህር፣ ፕሮግራሜ አልቆም አለኝ።»

መምህሩ ስክሪኑን አንዴ አየት አደረገው። «ይዞራል እንጂ አይቆምም። ቆጣሪውን መጨመር ረስተሃል።»

«ውይ! እንዴት አላየሁትም!»

ረጅሙ ግን አልሄደም። አንድ ጥያቄ ጨመረ፤ ሌላም ጨመረ። ዓይኑ ክፍሉን ይዞራል፤ ጠረጴዛውን፣ መደርደሪያውን፣ ጥግ ላይ ያለውን የብረት ካቢኔት። ሊወጣ ሲል በሩን ይዞ ዞር አለ።

«መምህር፣ ምሳ በሉ?»

በሳምንቱ የክፍሉ ተጠሪ መጣች። ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ናት፤ ያመጣችው ስህተት ግን ጀማሪ እንኳ አይሳሳተውም። እያረመላት ሳለ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ተርፎኝ ነው መምህር፣ ከሚጣል ብዬ...»

መምህሩ ዳቦውን ወደ ዳር ገፋ አደረገው። ከተማሪ ምንም አይቀበልም። ከሄደች በኋላ ግን እስከ ፍርፋሪው በላው። መራቡን ያወቀው ያኔ ነው።

ዘጠኝ ሐሙስ፣ ዘጠኝ ተማሪ። በዘጠነኛው ጠረጠረ።

ካቢኔቱ ውስጥ የማጠቃለያ ፈተናው አለ። ዓምና የጎረቤት ቢሮው መምህር ፈተና ሾልኮበት ከሥራ ተሰናብቷል። እሱም ቢሾልክበት የሚምረው የለም። ሥራውን ካጣ ደግሞ ጠዋት ከአልጋው የሚነሣበት ምክንያት አይኖረውም።

ተማሪዎች የቤት ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ሰርቨር እያንዳንዷን ለውጥ ከነሰዓቷ ይመዘግባል። መምህሩ በሩን ዘግቶ የረጅሙን መዝገብ ከፈተ። ፕሮግራሙ ረቡዕ ዕለት ምንም እንከን አልነበረበትም። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው አንዲት መስመር ተሰርዛለች። የተጠሪዋን ከፈተ፤ ያው ነው። የዘጠኙም ያው ነው። ሁሉም በትክክል የሚሠራ ፕሮግራም በገዛ እጃቸው አበላሽተው ነው የመጡት።

የሚሠራ ኮድ የሚያበላሽ ሰው ቢሮው ለመግባት ሰበብ የሚፈልግ ሰው ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል?

ከፈተናው ይልቅ ያንገበገበው ግን ሌላ ነገር ነበር። ሐሙስን መጠበቅ ጀምሮ ነበር። ለሐሙስ ሸሚዝ ይተኩስ ነበር። ጅል ያደረጉት መሰለው፤ አፈረም።

በማግስቱ ነገሩን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አመለከተ፤ ኃላፊው ተጠሪዋን ቢሮው አስጠራት። መምህሩ የዘጠኙን መዝገብ አትሞ ጠረጴዛው ላይ ደርድሮታል።

«ተራ የምታወጣው አንቺ ነሽ?» አላት ኃላፊው።

«አዎ።»

«ለምን?»

ተጠሪዋ ከተደረደሩት ወረቀቶች የራሷን አንሥታ አየችው።

«የኔ ልጅ፣ ነገሩ የፈተና ስርቆት ተብሎ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ከደረሰ ዘጠኛችሁም ትባረራላችሁ። ገብቶሻል?»

«ፈተናውን አልነካንም። የት እንደሚቀመጥም አናውቅም።»

«ታዲያ እኔ ቢሮ ምን ስትሠሩ ነበር?» አለ መምህሩ። እንዳይጮህ ብሎ ነበር፤ አልሆነለትም። «እስኪ ንገሪኝ፣ ምን አደረግኳችሁ?»

ተጠሪዋ ቀና አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ምንም አላደረጉንም መምህር። እንዳንነግርዎት ቃል ገብተን ነው።»

«ለማን?»

ስልኳን አወጣችና የክፍሉን የቡድን መልእክት እየሳበች ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሄደች። የምትፈልገው ላይ ስትደርስ ስልኩን ፊቱ አኖረችለት።

መምህሩ መነጽሩን አደረገ። መጀመሪያ ያየው ቀኑን ነው፤ ሚስቱ ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን። ከዚያ የላኪዋን ስም አየ። ከዚያ አነበበው።

«ልጆቼ፣ እኔ ከዚህ አልጋ የምነሣ አይመስለኝም፤ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ መምህራችሁን ብቻውን አትተዉት፤ ጥያቄ ብታጡ እንኳ የሠራችሁትን አበላሹና ውሰዱለት፣ ስህተት ሲያገኝ እንዴት ደስ እንደሚለው እኔ ነኝ የማውቀው።»