ያጎነበሰው አውቶቡስ

ጨርቅ ነጋዴው ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ የመኪና ማቆሚያው ተነሥቶ ደጁ ላይ የተተከለውን አዲስ የአውቶቡስ ፌርማታ በክፉ ዓይን ያየው ነበር። ጎረቤቱ ጫማ ሻጭ፣ "በቃ፣ አቤቱታችንን ውሃ በላው" አለው።

"ደንበኛ የሚመጣው በመኪና ነው። አሁን የት ያቁም? አናቴ ላይ?"

ጫማ ሻጩ ሳቀ፤ ነጋዴው ግን አልሳቀም። የመጀመሪያው አውቶቡስ መጥቶ ጥጉን ይዞ ቆመ። በረዥሙ ተነፈሰና ያ ሁሉ ብረት፣ ያን ሁሉ ሰው እንደ ተሸከመ፣ በበሩ በኩል ቀስ ብሎ ወደ እግረኛው መንገድ አጎነበሰ። ነጋዴው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም፤ ለሽማግሌ እጅ የሚነሣ ጎረምሳ መሰለው። ከበሩ ሥር ሰፊ ብረት ተዘረጋ፤ በብረቱ ላይ አንዲት ሴት በተሽከርካሪ ወንበር ተንደርድራ ወረደች። ታላቅ እህቱ ነበረች። እግሯ ከከዳት ወዲህ ባለ መኪና ዘመድ ተለምኖ፣ ሰው አቅፎ ካላስገባት በቀር ከቤት ወጥታ አታውቅም። የወንድሟን ሱቅ እንኳ የምታውቀው በወሬ ነበር።

ወንበሯን በገዛ እጇ እየገፋች እስከ በሩ ስትመጣ፣ ነጋዴው በሩ መሐል እንደ ቆመ ጠየቃት።

"እትዬ! ማን አመጣሽ?"

"ማንም። መጣሁ።"

ሊገፋት እጁን ሲዘረጋ ቸብ አደረገችው።

"ተው አንተ! በሩን ብቻ ልቀቅልኝ።"

ነጋዴው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ፣ ትንፋሹን ውጦ አሳለፋት።