ስፖንዳው ላይ ያለው ልጅ

ሰዓሊው ፊርዶስ የልጁ ዓይን ብሌን ላይ የመጨረሻዋን ነጭ ነጥብ ጣል አደረገና ብሩሹን አነሳ። ባለፈው ክረምት ጎርፍ የወሰደው የጉልዛማን ልጅ፣ በፒካፗ የኋላ ስፖንዳ ላይ በጽጌረዳና በጣዎስ ተከቦ ይስቅ ነበር።

«ራሱ ነው» አለ ጉልዛማን።

«እንግዲህ ከፔሻዋር እስከ ላሆር ከኋላህ የሚነዳ ሁሉ ያየዋል፣ ወንድሜ። ቀለሙ እስኪደርቅ አቧራ እንዳይነካው ብቻ ቀስ በል።»

ጉልዛማን ገብቶ መሪውን ያዘ። በስፖኪዮው ወደ ኋላ ቢመለከት የታየው ባዶው የጭነት ቦታና የስፖንዳው ጠርዝ ብቻ ነበር። አንገቱን አስግጎ ደግሞ አየ። ከዚያ ሞተሩን ሳያስነሳ ወረደና ለገዛ ወንድሙ እንኳ ሰጥቶት የማያውቀውን ቁልፍ ሰዓሊው መዳፍ ላይ አስቀመጠ።

«ምን ነካህ?» ፊርዶስ ሳቀ። «መኪናዬን ከምሰጥ ነፍሴን ውሰዱ ስትል አልነበር እንዴ?»

«እስከ ቤት አንተ ንዳልኝ» አለ ጉልዛማን፣ ግድግዳው ጥግ የቆመውን የሰዓሊውን ሞተር ሳይክል እየገፋ። «እኔ ከኋላ ልከተላችሁ።»